ብዙ የሄደችው ያማሃ ትሻላለች ወይስ ጋራዥ የቆመችው ሆንዳ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለት ዓመት 600 ሲሲ ሞተር ነድቻለሁ። አሁን ባለቤቴን አፈናጥጬ ረጅም መንገድ የምሄድባት ያገለገለች ስፖርት ቱሪንግ ልገዛ ነው። በጁላይ ለኢትዮጵያውያኑ የእግር ኳስ ውድድር ወደ ሌላ ስቴት በሞተር ለመሄድም አስበናል። ሁለት አግኝቻለሁ። አንደኛዋ የ2008 ያማሃ ኤፍጄአር1300 ናት፤ 46 ሺህ ማይል ሄዳለች፣ ዋጋዋ 4,800 ዶላር ነው፣ የጥገና ደረሰኞች አሏት። የቫልቮቿ (አየር አስገብተው ጭስ የሚያስወጡት የሞተሩ በሮች) ክፍተት ግን ተለክቶ አያውቅም፤ ባለቤቷ ‘ድምፅ ስለሌላት አያስፈልጋትም’ ይላል። ሁለተኛዋ የ2006 ሆንዳ ኤስቲ1300 ናት፤ 11 ሺህ ማይል ብቻ፣ 4,500 ዶላር። አራት ዓመት ጋራዥ ቆማለች፤ የጎማዋ ጥርስ እንዳለ ነው። ሁለቱም በካቴና ፋንታ በሻፍት (በብረት ዘንግ) ስለሚሄዱ በዚያ በኩል ጥገና የላቸውም ተብያለሁ። እኔ ያዘነበልኩት ወደ ሆንዳዋ ነው። ልክ ነኝ?»

ምላሽ፦ ልክ አይደሉም። የመረጡት በኦዶሜትሩ ነው፤ ኦዶሜትር ደግሞ የሄደችውን መንገድ ይቆጥራል እንጂ የቆመችበትን ጊዜ አይቆጥርም። ያማሃዋ በሀይዌይ ፍጥነት ስትሄድ በደቂቃ ከ4 ሺህ ዙር ብዙም አትርቅም፤ ቀይ መስመሯ 9 ሺህ ላይ ነው። ዘይቱ በጊዜው እየተቀየረ ከሆነ 46 ሺህ ማይል ለዚህ 1298 ሲሲ ሞተር የጎልማሳ ዕድሜ ነው፤ መቶ ሺህን ያለፉት ብዙ ናቸው። ሆንዳዋ ከ2006 ጀምሮ 11 ሺህ ማይል ሄደች ማለት ግን በዓመት አንድ ሺህ እንኳ አልሞላችም ማለት ነው። ብረቷ አዲስ ሊሆን ይችላል። ላስቲኳ፣ ፈሳሿና ነዳጇ ግን እንደማንኛዋም የ2006 ሞተር ሳይክል አርጅተዋል፤ ኪስ የሚያራቁተውም ይኸው ነው።

ከነዳጁ እንነሳ። በአሜሪካ ማደያዎች የሚቀዳው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል የአየር እርጥበት ይስባል፤ ሲበዛበት ከውሃው ጋር ከቤንዚኑ ተለይቶ ታንኩ ግርጌ ይተኛል፣ እዚያም ብረቱን ያዝጋል። የቀረው ቤንዚን ቀላል ቀላሉ እየተነነ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር የሚዘጋውና የነዳጅ ፖምፓ የሚያቃጥለው እሱ ነው። የታንኩን ክዳን ከፍተው በእጅ ባትሪ ይመልከቱ፣ ያሽትቱም። የቫርኒሽ ሽታ ካለው ወይም ግርጌው ላይ ቡናማ ዝገት ካዩ፣ «ባትሪ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት» የሚለውን ወሬ አይስሙ።

ከነዳጁ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሆንዳዋ ፍሬን ነው። ኤስቲ1300 የፊትና የኋላ ፍሬኗ የተያያዘ ነው። የፊት ፍሬኑን ሲይዙ የግራው ካሊፐር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆነጥጠው ዕቃ፣ ከዲስኩ ጋር በትንሹ ይዞራል፤ ሲዞርም እዚያው የፊት ሹካው ላይ የተገጠመችን ሁለተኛ ትንሽ የፍሬን ፖምፓ ይገፋል፣ እሷም ወደ ኋላው ፍሬን ግፊት ትልካለች። ፈሳሹ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ግሩም አሠራር ነው። የፍሬን ፈሳሽ ግን እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ለዓመታት ሳይነካ የቆመ ፈሳሽ ወደ ቡናማ ዝቃጭ ይለወጥና ግፊቱ የሚመለስባትን፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል መንገድ ይደፍናል። ያን ጊዜ ማንሻውን ቢለቁም የኋላው ፍሬን አይለቅም። እንደያዘ ሲሄድ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ፈሳሹ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይበልጥ ይይዛል። መጨረሻው የነደደ የፍሬን ሸራ ነው፤ ከከፋም ሀይዌይ ላይ የተቆለፈ የኋላ ጎማ።

ፍተሻው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በመሃል ማቆሚያዋ ያቁሟት፣ ኒውትራል ላይ ያድርጓት፣ ሌላ ሰው የኋላውን ጎማ በእጁ ያሽከርክርልዎ። እርስዎ የግራውን የፊት ካሊፐር ጎማው ወደፊት በሚዞርበት አቅጣጫ በጉልበት ይግፉት። የኋላው ጎማ መያዝ አለበት። ሲለቁት ደግሞ ወዲያው በነፃነት መዞር አለበት። ቢያንገራግር፣ ወይም ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ እየጠበቀ ቢመጣ፣ ያቺን ሞተር ሳይክል ነድተው ወደ ቤት አይመለሱ፤ የሚገዟት ቢሆን እንኳ በፒክአፕ ተጭና ትሂድ። ጥገናው ትንሿን ፖምፓ መቀየርና መላውን የፍሬን መስመር ማጠብ ነው፤ የአየር ማስወጫው ብዙ ስለሆነና ቅደም ተከተል ስላለው ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ሆንዳዋ ቪ-4 (አራት ሲሊንደሮቿ በቪ ቅርጽ የተቀመጡ) ስለሆነች በሲሊንደሮቹ መካከል የሚያልፉ የራዲያተር ውሃ ቱቦዎች አሏት። ከዕድሜ ብዛት ይደርቁና በማጥበቂያዎቻቸው ዙሪያ ማንጠብ ይጀምራሉ። ቱቦው ርካሽ ነው፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን ታንኩንና የነዳጅ መርጫ ክፍሉን ማንሳት ግድ ይላል። ከሞተሩ ሥር የደረቀ አረንጓዴ ወይም ነጭ ጠብታ፣ ሲሞቅ ደግሞ ጣፋጭ የሚሸት ተን ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። አየር ማጣሪያውንም ይክፈቱት፤ ጋራዥ የቆመች ሞተር ሳይክል አይጥ ቤት ስትሆን ማየት ብርቅ አይደለም።

ጎማውን በጥርሱ አይመዝኑት። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የሚመጣው ረድፍ በአራት አሃዞች ያበቃል። ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ይጣላል፤ ላስቲኩ ስለሚደርቅ በተለይ በእርጥብ አስፋልትና በቀዝቃዛ ጠዋት አይይዝም። ሁለቱን ጎማዎች ከነማስገጠሚያቸው ከ400 እስከ 600 ዶላር ይያዙላቸው። እዚህ ላይ ያማሃዋ ትቀልላለች፤ የፊቱ 120/70-17፣ የኋላው 180/55-17 ስለሆነ የሁሉም ፋብሪካ ምርት ይገጥማታል። የሆንዳዋ የፊት ጎማ ባለ 18 ኢንች ነው፤ ምርጫው ያንሳል። ሰው አፈናጥጠው ሻንጣ የሚጭኑ ከሆነ ለከባድ ቱሪንግ ተብሎ የተሠራውን ዓይነት ይግዙ፤ መደበኛው ጎማ በዚህ ክብደት መሃሉ ቶሎ ይላጣል።

ወደ ያማሃዋ እንምጣ። የባለቤቷ «ድምፅ ስለሌላት» የሚለው ምክንያት ነገሩን ገልብጦታል። የሚያንኳኳው ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ነው። ክፍተቱ የጠበበው ዝም ይላል፤ ሞተር የሚያበላሸው ደግሞ ዝምተኛው ነው። ቫልቭ በሚሊዮን ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ መቀመጫው ላይ እየተበላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ቫልቩን በሚከፍተው ዘንግ፣ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል የነበረው ክፍተት ይጠባል። ጨርሶ ከጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ በተቀመጠባት ቅጽበት ስለሆነ፣ ካልተቀመጠ ጫፉ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ሥራው መለካት መሆኑ ይቀርና የሲሊንደር ራስ መፍታት ይሆናል።

በዚህች ያማሃ ልኬቱ የሚደረገው በየ26,600 ማይል ነው፤ ስለዚህ አንድ ዙር አምልጧታል፣ ሁለተኛው 53,200 ላይ ይደርሳል። ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቃዛ ሳለ የመግቢያው ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.22፣ የመውጫው ከ0.18 እስከ 0.25 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 16 ቫልቮች አሏት። ከልኩ የወጣ ከተገኘ ካምሻፍቱ ተነስቶ፣ ከቫልቩ ራስ ላይ የምትቀመጠው ሺም የምትባል ትንሽ ክብ ብረት በሌላ ውፍረት ትተካለች። ማስደንገጥ አልፈልግም፤ እነዚህ ሞተሮች ክፍተታቸውን በመጠበቅ የታወቁ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ሁሉም በልኩ ይገኛል፣ ወይም አንድ ሁለት የመውጫ ቫልቮች ጠበው ይታያሉ። በእርስዎ አካባቢ የእጅ ዋጋ ግን ከ600 እስከ 1,000 ዶላር ይጠብቁ። ይህ ገንዘብ የእርስዎ ሳይሆን የሻጩ ዕዳ ነው፤ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

ያቺ ትውልድ፣ ማለትም ከ2006 ጀምሮ የተሠሩት፣ ሌሎች የታወቁ ሕመሞችም አሏት። የመጀመሪያው ካምሻፍቱን የሚያዞረው የሞተሩ የውስጥ ካቴና መወጠሪያ ነው። ስፕሪንጉ ሲደክም ካቴናው ይላላል፤ ጠዋት ሲነሳ በቀኝ በኩል የኮረት መንኳኳት የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ተሰምቶ ቢጠፋ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ አይንዷት። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ፋብሪካው አሻሽሎ ያወጣው መወጠሪያ ሰማያዊ የቀለም ነጥብ አለው፤ ቫልቩ ሲለካ አብሮ ይቀየር፣ ሁለት ጊዜ እጅ ዋጋ አይከፍሉም።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ብዙ የማሳ ሽቦዎች (ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሱት) የሸረሪት እግር በሚመስሉ ማገናኛዎች ተሰብስበው ይገናኛሉ። እርጥበት ሲገባባቸው ይዝጋሉ፣ ይግላሉ፣ ይቀልጣሉ። ያኔ የግንባር መብራቱ ይጠፋል፣ የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት) መብራት ያለ ምክንያት ይበራል፣ ሲብስም ሞተሩ ይጠፋል፤ ሰውየውም ባትሪ ሲቀይር ይከርማል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ማገናኛ ተጨማሪ ሽቦ አውጥቶ በቀጥታ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ማሰር ነው። ሻጩ ይህ መሠራቱን ካወቀና ካሳየዎት፣ ሞተር ሳይክሏን የሚያውቅ ሰው ነው። ሦስተኛው የኮንታክት ማብሪያዋ ነው፤ ፋብሪካው ጉድለት አለበት ብሎ ለጥገና ጥሪ ያደረገበት ዕቃ ነው። የሻሲ ቁጥሯን በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ጥሪው መሠራቱን ያረጋግጡ። ሞተሩ እየሠራ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩ፣ ቁልፉንም በቀስታ ያነቃንቁ፤ ከተንተፋተፈ ገና ነው። ከገዟት በኋላም የቤት ቁልፍ ሁሉ የተሰካበት መያዣ እዚያ አያንጠልጥሉ። የፍሪሲዮኑን ፈሳሽም ከፍተው ይዩ፤ እንደ ቡና ከጠቆረ የታችኛው ፖምፓ ፓራውሊ ሊያፈስ ተቃርቧል።

«ሻፍት ጥገና የለውም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። እንደ ካቴና በየ500 ማይሉ አይቀባም፣ አይወጠርም። የኋላው የማርሽ ቤት ግን የራሱ ዘይት አለው፤ በያማሃዋ 200 ሚሊ ሊትር የማርሽ ዘይት ነው፣ በየ8 ሺህ ማይሉ ይቀየራል። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ ለአሥር ዓመት የሚዘነጉት አሉ። ሲወጣ ጣትዎ ላይ አሽተው ይዩት፤ መጥቆር ጤና ነው፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ግን አይደለም። ሁለተኛው ጉዳይ ሻፍቱና ጎማው የሚጋጠሙበት ጥርስ ነው፤ የኋላ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ተጠርጎ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ይቀባል። ከደረቀ ጥርሱ እንደ ምላጭ ይሾላል። ጎማ የሚቀይሩ ብዙ ሱቆች ካልተነገራቸው ይህን አይሠሩም፤ ስለዚህ ከደረሰኞቹ መካከል ይፈልጉት፣ ከሌለ ሲገዙ ያስቀቡት።

ለማየት ሲሄዱ ሻጩ አስቀድሞ እንዳያስነሳት ይንገሩት፤ ሲደርሱም ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ከጠበቀዎት የቀዝቃዛ አነሳሱን ድምፅ ደብቆዎታል፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። የፊት ሹካውን ቱቦ በነጭ ሶፍት ይጥረጉ፣ ዘይት ካለ ፓራውሊው ሄዷል። በመሃል ማቆሚያ ላይ የፊቱን ጎማ አስነስተው መሪውን በዝግታ ያዙሩ፤ መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። የኋላዋን ወደታች ተጭነው ይልቀቁ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ከዘለለች ሾኩ ደክሟል፤ በ46 ሺህ ማይል መድከሙ አይገርምም፣ ለሁለት ሰው ጉዞ ግን መታደስ አለበት። ሲነዷት የኤቢኤስ መብራቱ በርቶ፣ መንቀሳቀስ ስትጀምር መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ሆን ብሎ ያጠፋው ሰው ሊኖር ይችላል።

ስለ ክብደት አልጠየቁኝም፣ ግን ይህ ነው ሰው የሚጥለው። ያማሃዋ ነዳጅ ሞልታ ወደ 290 ኪሎ ትጠጋለች፤ ሆንዳዋ ከ320 ታልፋለች። መንገድ ላይ አይታወቅዎትም። የሚታወቀው ማደያ ውስጥ መሪው ተጠምዝዞ፣ ባለቤትዎ ከኋላ ተቀምጠው፣ እግርዎ ጠጠር ላይ ሲያርፍ ነው። የሜሪላንድም ሆነ የቨርጂኒያ ሞተረኛ ሁሉ የሚያውቀው ስካይላይን ድራይቭ የተባለው የቨርጂኒያ የተራራ መንገድ 105 ማይል ነው፣ የፍጥነት ወሰኑም 35 ማይል በሰዓት፤ ለመለማመጃ ከዚያ የተሻለ አይገኝም። የመጀመሪያውን አንድ ሺህ ማይል ብቻዎን ይንዱ። ከዚያ ባለቤትዎን ይዘው አጭር አጭር መንገድ ይሞክሩ። ለሁለት ሰው ያማሃዋን የኋላ ስፕሪንግ ማስተካከያ ማንሻ ጠንካራው ላይ ያድርጉ፤ ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ፊት 39፣ ኋላ 42 ፒኤስአይ ይሙሉ። በእያንዳንዱ የጎን ሻንጣ ከ10 ኪሎ በላይ አይጫን፤ የዶሮ ወጥ ድስቱ በመኪና ከሚመጡት ጋር ይሂድ። የነዳጅ ታንኩ 25 ሊትር ስለሚይዝ በየ200 ማይሉ መቅዳት ይበቃል፤ ከዚያ በፊት ግን የተሳፋሪ ወገብ ያስቆምዎታል። በጁላይ ሙቀት የሞተሩ ትኩሳት ጭንዎ ላይ ይመጣል፤ ማለዳ መነሳት ብቻ ነው መላው።

ካዋሳኪ 1400 እና ቢኤምደብሊው አር1200አርቲን እግረ መንገድዎን ካገኙ፦ የመጀመሪያዋ ፈጣን ናት፣ ቫልቯ ግን በየ15 ሺህ ማይል ነው የሚለካው። ሁለተኛዋ ቫልቯን ራስዎ ሊለኩት ይችላሉ፤ የቀደሙት ዓመታት የኋላ ማርሽ ቤት ግን ታሪኩ ካልታወቀ ውድ ቁማር ነው።

ውሳኔዬ ይህ ነው፤ ያማሃዋን ይግዙ። ከላይ ያሉትን ካለፈች ከ4,100 ዶላር በላይ አይክፈሉባት፤ ጎማዋ ካረጀ ደግሞ ሌላ 500 ይቀንሱ። ሻጩ እምቢ ካለ ይተዉት፤ በኖቬምበርና በዲሴምበር ዋጋ ይወርዳል። ሆንዳዋን ራስዎ መፍታትና መግጠም የማይችሉ ከሆነ በ3,000 ዶላርም አልመክርዎትም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቱቦ፣ ነዳጅ መስመርና ባትሪ ሲደመር በቀላሉ ሌላ 2,000 ይሄዳል፤ የእሷም ቫልቭ የሚለካው በየ16 ሺህ ማይል ስለሆነ ቀኑ ሩቅ አይደለም።

ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት መሪው ሥር ብረቱ ላይ የተመታው የሻሲ ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን፣ ወረቀቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም «ሳልቬጅ» (ክፉኛ ተጎድታ በኢንሹራንስ የተጣለች) የሚል ምልክት አለመኖሩን ይዩ። ኢንሹራንሱንም በዚያው ቁጥር አስቀድመው ያስገምቱ። ሜሪላንድ ያገለገለች ሞተር ሳይክል በስምዎ ለማዞር የደኅንነት ምርመራ ትጠይቃለች፤ ምርመራው ጎማና ፍሬን ያያል እንጂ ቫልቭ፣ የካቴና መወጠሪያና የማሳ ሽቦ አያይም። ስለዚህ ምርመራውን አልፋ ወረቀቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሞተሩን ዘይት ከነማጣሪያው፣ የማርሽ ቤቱን ዘይት፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፈሳሹን ያስቀይሩ፤ የቫልቭ ቀጠሮውንም ከጁላይ ጉዞዎ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አስቀድመው ይያዙ፤ ሺም ታዞ እስኪመጣ ሞተር ሳይክሏ ተፈታ ልትቆይ ትችላለችና።